የኢሊያም ጭረት

ፌብሩዋሪ 18፣ እሑድ

ዛሬ ባሌ ኢሊያም የሞተር ሳይክሉን ሞተር መግጠም ጀመረ። ክረምቱን ሙሉ በጓሮው ጋራዥ ወለል ላይ፣ በአሮጌ አንሶላ ላይ ተዘርግቶ የነበረው ብረት ሁሉ ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ ተራውን ይጠብቅ ነበር። እኔ መብራት ያዥ ነኝ። ከተጋባን ጀምሮ መብራት ያዥ ነኝ፤ ሌላ ሹመት አልተሰጠኝም።

መጻፍ የጀመርኩት ቮሪ ስለወተወተችኝ ነው። ልጃችን የምትኖረው ከደሴታችን ባሕር ማዶ፣ ሊቨርፑል ነው። "እማዬ፣ በስልክ የማትነግሪኝን ለወረቀት ንገሪው" አለችኝ። ትምህርት ቤት የተውኩት በልጅነቴ ነው። ከዚያ ወዲህ የማውቀውን ያወቅኩት ሄሪንግ ዓሣ ከምንጠቀልልበት ጋዜጣና ኢሊያም ከጣላቸው የጥገና መጽሐፍ ቅዳጆች ነው። ጽሑፌ ዓሣና ዘይት ዘይት ቢል አይገርምም።

ሞተር ሳይክሉ ከሁለታችንም ዕድሜ ይበልጣል። ባለ አንድ ፒስቶን ነው። ኢሊያም የገዛው እኔን ሳያገባ ነው፤ "የመጀመሪያ ሚስቴ" ይለዋል። በየዓመቱ በሜይ የፒል የአሮጌ ሞተሮች ማኅበር ደሴቱን በደቡብ በኩል ይዞራል፤ ከፊት ሆኖ የሚመራው ኢሊያም ነው። ሌላ ሰው መርቶ አያውቅም።

አንድ ነገር ደግሞ። ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰውን ትልቁን ጥርሳማ ማርሽ ሲወለውል ዳሩ ላይ ጭረት አገኘ።

"የትኛው ደደብ ነው በምስማር የቧጨረው?" አለ።

በሞረድ አሽቶ አሽቶ አጠፋው፤ መስታወት እስኪመስል። ከዚያ በፋብሪካ የተመቱትን ሁለት ነጥቦች፣ የትልቁን ማርሽና የትንሹን፣ ፊት ለፊት አገጣጠማቸው። "እንደ መጽሐፉ!" ብሎ ክዳኑን ዘጋ።

"መብራቱን ለምን ታንቀጠቅጪዋለሽ?" አለኝ።

"በርዶኝ ነው" አልኩት።

ማርች 3

ተነሣ! ግን ደስ አላለንም። ብዙ ከተረገጠ በኋላ ነው የነቃው፤ እንደነቃም ማስነጠስ ጀመረ። ቤንዚኑን ከነፋስ ጋር በሚቀላቀልበት በካርቡራተሩ በኩል መልሶ ይተፋዋል። ነዳጅ ሲሰጡት መፈትለክ ሲገባው ያቃስታል። ዓሣ በጭስ ወደምናደርቅበት ጭስ ቤት፣ ወደ ሥራዬ፣ በእሱ የምመላለስበት ዘመን ነበር፤ ያኔ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼበት አላውቅም።

ኢሊያም ጆሮውን ወደ ሲሊንደሩ አስጠግቶ ቆየ፤ ሐኪም የሕፃን ደረት እንደሚያዳምጥ።

"ካርቡራተሩ ነው" አለ።

"ይሆናል" አልኩ።

"ጊዜ ሞልቷል።"

ይቺ ቃል የደሴቱ ሰው ሁሉ ናት፤ እሱ ግን ከሁሉም አብዝቶ ይላታል። እውነቱን ነው፤ ሜይ ገና ሩቅ ነው።

ማርች 9

ካርቡራተሩ ተፈታ። ታጠበ። ቀዳዳዎቹን በአፉ እፍ አላቸው። ሽቦ አይገባባቸውም፣ ሽቦ ያሰፋቸዋል ይላል። ይህን እሱ አልረሳም። ተገጠመ። ያው ነው። ሥራ ረፍዶብኛል።

ማርች 15

ካንዴላ። አውጥቶ አየው፤ ጫፉ ነጭ ነው። "ቤንዚን አንሶታል" አለ። ጨመረለት። አሁን ጠቆረ። "በዝቶበታል።" አዲስ ካንዴላ ገዝቶ መጣ።

የድሮውን ካንዴላ ላስቀምጥ መሣቢያውን ስከፍት፣ ያልተነኩ ካንዴላዎች በየካርቶናቸው ተደርድረው አየሁ። ሁሉም አንድ ዓይነት። መሣቢያውን ዘጋሁት።

ከሰዓት በኋላ ጭስ ቤት ሄሪንግ እየሰቀልኩ ነበር። የሥራ ባልደረባዬ ዩኒስ ከመደርደሪያው ማዶ መሆኔን አላየችም። ለአዲሷ ልጅ ስለ እኔና ስለ ባሌ ስታወራ ሰማኋት።

"የሞና ባል እኮ መለዋወጫ ሱቅ ሥር ሰዷል አሉ። ገዝቶ ይወጣል፤ ተመልሶ ይገባና ያንኑ ይጠይቃል። ባለሱቁ መጀመሪያ ይስቅ ነበር፤ አሁን መሳቁን ትቷል።"

ዓሣዬን መስቀል ቀጠልኩ። ጭስ ቤት ውስጥ ዓይን ቢያነባ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ማርች 24

ኖርማን ፋራገር መጣ። የኢሊያም የልጅነት ጓደኛ ነው። በወጣትነታቸው አብረው በሞተር ይወዳደሩ ነበር፤ የኖርማን አንድ ጉልበት ከዚያ ዘመን ወዲህ አይታጠፍም። በሩ ላይ ቆሞ ሞተሩን ሰማውና፣

"ኧረ ወገን! ይሄ ሞተር ነው ወይስ የአክስቴ ሳል?"

"የአክስትህን ሳል የወረስከው አንተ ነህ" አለው ኢሊያም። "ግባና አፍህን ዝጋ፤ ነፋስ ይገባበታል።"

"ነፋስስ ካልክ አይቀር፣ በካርቡራተሩና በሲሊንደሩ መጋጠሚያ ነፋስ እያስገባ ቢሆንስ?"

ኢሊያም ተንበርክኮ፣ ኖርማን እንደ ግንድ ዘንበል ብሎ፣ ሞተሩ እየሠራ መጋጠሚያውን ዘይት ቀቡት። ነፋስ የሚገባ ከሆነ ዘይቱ ቀዳዳውን ደፍኖ ድምፁን መለወጥ ነበረበት። አልተለወጠም። እሳቱን የሚሰጠውን ፑንቲና አዩ፤ እሳቱ በሰዓቱ ይዘላል። የጭስ ማውጫውን ማርሚታ አውልቀው በውስጡ ወደ ሰማይ አዩ።

"ወፍ ጎጆ ሠርታበት ይሆናል ብዬ ነበር" አለ ኖርማን።

"ወፍ የሚገባው አንተ ጋ ነው፤ ባዶ ቦታ ያለው እዚያ ነው።"

ደስ ብሎኝ ሰማኋቸው። ኢሊያም ሲሳደብ ደህና ነው።

"እንግዲህ የቀረን ቫልቮቹ የሚከፈቱበት ሰዓት ነው" አለ ኖርማን። "ክዳኑን እንክፈተውና ማርሾቹን እንያቸው።"

ብስኩት ላምጣ ብዬ ቤት ገባሁ። ስመለስ ክዳኑ ተከፍቷል፤ ኖርማን በጣቱ ያሳያል። "ነጥብ ለነጥብ ነው። ምንም አይወጣለትም።"

"እና እኔ መቼ ነው ሥራ የማበላሸው?" አለ ኢሊያም።

ኖርማን ወደ እኔ ዞረ። "ሞና፣ ሲገጥም መብራት የያዝሽለት አንቺ ነሽ አይደል? ምንም ያየሽው ነገር የለም?"

"እኔ ምን አውቃለሁ" አልኩ።

ብስኩቱን ማንም አልነካውም።

ማርች 29

ሆስፒታል ሄድን። ዶክተሯ ወጣት ናት፣ ደግ ናት። የጠየቀችውን አንዳንዱን ኢሊያም በቀልድ አለፈው። "ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?" ስትለው "ጡረታ የወጣ ሰው ቀን አይቆጥርም" አላት። ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ኮሪደር ላይ ለብቻዬ ስታገኘኝ ግን አልሳቀችም። ከእንግዲህ አይነዳም አለች። መኪናም ሆነ ሞተር።

"እርስዎ ይነግሩታል ወይስ እኔ ልንገረው?"

"እኔ እነግረዋለሁ" አልኩ።

በአውቶቡስ ስንመለስ መስኮቱ ጋ አስቀመጥኩት። መንገዱን ሁሉ በቀኝ እጁ ነዳጅ ሲሰጥ፣ ሲቀንስ፣ ሲሰጥ አየሁት፤ ባዶ ጉልበቱ ላይ።

ኤፕሪል 3

አልነገርኩትም።

ኤፕሪል 6

ዛሬም። ሞተሩ እንዲህ እያለ ከግቢ አይወጣም። ታዲያ ምን ያስቸኩለኛል?

ኤፕሪል 8

ኖርማን የግፊት መለኪያ ይዞ መጣ። በካንዴላው ቀዳዳ ሰክተው ረገጡት፤ ሲሊንደሩ ግፊቱ አንሷል። "ፋሻዎቹ ናቸው" አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ፤ ፒስቶኑን የሚከቡት ቀለበቶች። ኢሊያም ደስ አለው። በሽታው ስም ካገኘ ግማሹ ተፈወሰ ማለት ነው ይላል።

እንደገና ፈታው። ኢሊያም ሲፈታ እያንዳንዱን ብሎን እንደወጣበት ተራ በእንቁላል ካርቶን ጉድጓዶች ውስጥ ያስቀምጣል፤ ሲገጥም ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ነው። ጨለማ ውስጥም ቢሆን በእጁ ዳብሶ ያገኘው ነበር።

ዛሬ ካርቶኑን ሳነሣ፣ በየጉድጓዱ ጠርዝ በእርሳስ ጽፎ አየሁ። የሲሊንደር ክዳን። የቀኝ። የግራ። አንዱ ጋ "ብሎን" ብቻ ብሎ ጽፏል። ብሎን መሆኑንማ ማን ያጣዋል።

ካርቶኑን እንደነበረ መለስኩት።

ኤፕሪል 15

እዚህ ደሴት የማይነኩ ነገሮች አሉ። ወደ ደቡብ በሚወስደው መንገድ ያለውን ትንሽ ድልድይ ስናቋርጥ፣ ከሥሩ ለሚኖሩት፣ ዓይን ለማያያቸው ትንንሽ ሰዎች፣ ለእነሱ፣ ሰላም ሳንል አናልፍም። ያንን ረጅም ጭራ ያለውን፣ ጎተራና ጀልባ ገብቶ እህልና ገመድ የሚቆረጥመውን ትንሽ አውሬ ደግሞ በስሙ አንጠራውም። "ረጅም ጭራ" እንለዋለን፤ በቃ። ኢሊያም የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው። አባቱ ያ ስም ጀልባው ላይ ከተነሣ መረቡን ጠቅልሎ ወደ ወደብ ይመለስ ነበር።

ዛሬ ከጣውላው ሥር አንድ ነገር ሽው አለ። ኢሊያም አዲሶቹን ፋሻዎች ፒስቶኑ ላይ እያስገባ ነበር። ቀና ሳይል ስሙን ጠራው። ሙሉ ስሙን፣ ጮክ ብሎ። እዚህ አልጽፈውም።

አብሮን የነበረው ኖርማን ክፉው እንዲርቅ ጣውላውን ነካ። እኔም ነካሁ።

"ምነው፣ ምን ሆናችሁ?" አለ ኢሊያም።

"ምንም" አለ ኖርማን።

ኢሊያም ስሙን ደገመው። "እዚያ ሥር አንድ አለ ነው ያልኩት እኮ። ወጥመድ አምጪ፣ ሞና።"

ኖርማን ከዚያ በኋላ ሌላ ቀልድ አልቀለደም። ስሸኘው በሩ ላይ ቆመ፤ ኮፍያውን በእጁ እያዞረ።

"ሞና፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ምኑ?"

ኮፍያውን አጠለቀ። "እሺ" አለ። "እሺ እህቴ። ምንም።"

ኤፕሪል 20

ቮሪ ደወለች።

"እማዬ፣ ሽጪውና ተገላገዪ።"

"ማንን?"

"ሞተሩን ነዋ! አንቺ ደግሞ። አባዬን ማን ይገዛሻል?"

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ "ዶክተሯ ምን አለች?" ስትለኝ "ደግ ናት" አልኳት።

"ደግነቷን አልጠየቅኩሽም። አባዬ እንዴት ነው?"

"ደህና ነው። ፋሻዎቹ ናቸው።"

"እማዬ።"

"ባለፈው ካርቡራተሩ መስሎን ነበር" አልኳት። "ፋሻዎቹ ናቸው።"

ኤፕሪል 27

ፋሻዎቹ አልነበሩም።

ገጥሞ ሲጨርስ እጁን ታጠበ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ። ለምርቃት እንደሚለበስ። ረገጠው። አስነጠሰ። ደጋግሞ ረገጠው፤ ሲነሣ ያው ነው፣ ያው ማቃሰት። ቆም አድርጎ አዳመጠው። ዘንድሮ እንዲህ ረጅም ጊዜ ሲያዳምጠው አላየሁም። ከዚያ አጠፋውና የቤንዚን ጀሪካኑ ላይ ተቀመጠ።

"ድሮ ምን እንደሚል ይገባኝ ነበር" አለኝ። "ምን እንደጎደለው ይነግረኝ ነበር። አሁን ይጮኻል እንጂ አይናገረኝም።"

"ትደርስበታለህ።"

"እጄ ከድቶኛል፣ ሞና። የሰው እጅ ገጥመውልኝ ነው እንጂ ይሄ የኔ እጅ አይደለም።"

ሲያለቅስ ያየሁት እናቱ የሞተች ቀን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ዛሬ። መብራቱን አጠፋሁለት። እንዳላየሁት እንዲሆንለት።

እያንዳንዱን ቀን በራሱ ላይ እየፈረደ ነው የሚውለው። ጠዋት ይገባል፣ ይፈታል፣ ይገጥማል፣ ማታ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። ምግብ ከቀነሰ ቆየ። ድንችና ሄሪንጉን በሹካ ሲያንከባልል ያመሻል።

ቢስተካከል ግን ይወጣል። ሜይ ደርሷል። ተራራው አለ፣ መታጠፊያው አለ፣ አውቶቡሱ አለ። ካልተስተካከለ እዚሁ አጠገቤ ነው።

ምን እየጻፍኩ እንደሆነ አላውቅም።

ኤፕሪል 28

እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ስለዚህ ልጻፈው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር፤ ሆዴ ግን እኔኑ ፈጀኝ።

ያንን ጭረት የጫረው ኢሊያም ነው።

ቮሪ ገና ልጅ ሳለች ትልቁ ማርሽ ጥርሱ ረገፈ። ገንዘብም መለዋወጫም በሌለበት ጊዜ ኢሊያም ራምሲ ከተማ አጠገብ ካለ ገበሬ ግቢ፣ ዶሮ ከሰፈረበት ውዳቂ ሞተር ላይ ሌላ ማርሽ ፈትቶ አመጣ። ልኩ ልክ ነው፣ ጥርሱ ደህና ነው፤ የተሠራው ግን ለሌላ ሞተር ነው። ነጥቡ ትክክለኛው ቦታ ላይ አይውልም። አንድ ጥርስ ያልፋል። ኢሊያም ቀናት ፈጅቶ ትክክለኛውን ጥርስ አገኘው፤ በምስማር ጫረበት። ማርሹን ወጥ ቤት አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ፤ ዳቦ እየጋገርኩ ነበር፤ ዱቄት ነካው።

"እዪው" አለኝ። "ነጥቡ ውሸታም ነው። ጭረቱ ነው እውነቱ። ይህን የምናውቅ እኔና አንቺ ብቻ ነን።"

እንደ ቀለበት ነበር ያሳየኝ።

በፌብሩዋሪ ያንኑ ጭረት "የትኛው ደደብ" እያለ ሲያጠፋው መብራት ይዤ ቆሜ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አንተው ነህ ብለው ኖሮ ፊቱን ማየት ነበረብኝ። መጀመሪያ ያስታውሰው ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ። ከዚያ ካርቡራተሩ ይሆናል አልኩ፤ አምኜም አልኩት። ነፋስ ይሆናል፣ ፋሻ ይሆናል። ሌላ ምንም ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ከዶክተሯ ወዲህ ደግሞ ሌላ ምክንያት አገኘሁ፤ የታመመ ሞተር ሰው አይገድልም።

ግን እየገደለው ነው። ነጥብ ለነጥብ፣ እንደ መጽሐፉ የሠራውን ሥራ እያየ ጥፋቱን በእጁ ላይ ይፈልጋል። እጁ ምንም አላጠፋም። እኔ ደግሞ ላድነው ብዬ ቆሜ አየዋለሁ።

ሜይ 5

ኖርማንን "ኢሊያምን ፀጉር አስቆርጥልኝ፤ ከዚያ ወደቡ ጋ አይስክሬም ግዛለትና አቆየው" አልኩት። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። "አይስክሬም ላይ እኔም አልሰንፍም" አለ።

ክዳኑን ፈታሁ። ብሎኖቹን በእንቁላል ካርቶኑ፣ በየተራቸው። ማርሹ በዘይት ያብለጨልጫል፤ ጠረግሁት። ጭረቱ የለም። ኢሊያም የጀመረውን ሥራ ይጨርሳል፤ እንደ መስታወት ነው ያደረገው። በጥፍሬ ዳበስኩ፤ ምንም። መብራት አስጠጋሁ፤ ምንም። መብራቱን የሚይዝልኝ ሰው ቢኖር ብዬ ሳቅሁ፤ ብቻዬን።

ከዚያ ተነፈስኩበት፤ መነጽር ለመጥረግ እንደሚተነፈሰው። ብረቱ ላቦት ለበሰ። ላቦቱ መሐል ቀጭን መስመር ታየች። እንደታየች ጠፋች። ደግሜ ተነፈስኩ፤ ደግማ መጣች። እዚያው ናት። አላለቀችም፤ ከሥር አለች።

እንባዬን እዚያ ላይ ጨረስኩ።

ማርሹን ስቤ አንድ ጥርስ አሳለፍኩት። ከመዝጋቴ በፊት ምስማር ፈልጌ፣ እየተነፈስኩ፣ የእሱን መስመር ተከትዬ መልሼ ጫርኩት። ከክዳኑ ሥር የሚገባውን ማሸጊያ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን፣ አደረግሁ፣ ክዳኑን ዘጋሁ። ቤንዚን ከፈትኩ፣ የእሳቱን ሰዓት ወደ ኋላ መለስኩ፣ ረገጥኩ።

በመጀመሪያው ተነሣ። ሳያስነጥስ። የዱሮ ድምፁን ሰማሁ፤ ጠረጴዛው ላይ ያሉት መፍቻዎች ሁሉ አብረውት ይንጫጩ ነበር። ወዲያው አጠፋሁት። ማን እንዳይሰማ እንደሆነ አላውቅም።

ሜይ 6

ጠዋት ኢሊያም እንደ ልማዱ ጋራዥ ገባ። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ቂጣ አብስላለሁ። ርግጫውን ሰማሁ። ከዚያ ድምፁን። ከዚያ ሌላ ምንም፤ ሞተሩ ብቻ፣ ሲመታ፣ ሲመታ።

በሩን በርግዶ ገባ። ፊቱ የሃያ ዓመት ልጅ ፊት ነው።

"አላልኩሽም? ካርቡራተሩ ነው አላልኩሽም?"

"ብለኸኝ ነበር።"

"ማንም አልሰማኝ! ፋሻ ነው፣ ነፋስ ነው፣ ያ ኖርማን ደግሞ! ነይ፣ ነይ ስሚው።"

በዱቄት እጄ ጎትቶ አወጣኝ። ሞተሩ ፊት ወገቤን ይዞ አሽከረከረኝ፤ ሸሚዙ ላይ የእጄ ቅርጽ ነጭ ሆኖ ቀረ። ደስ አለኝ። እዚህ ላይ መዋሸት አልፈልግም፤ በጣም ደስ አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ኖርማን መጣ። ሰማው። አዲሱን ጓርኒሲዮን በክዳኑ ዳር አየ፤ ጥፍሬ ሥር ያለውን ዘይት አየ።

"ለካ ካርቡራተሩ ኖሯል" አለ።

"ኖሯል" አልኩት።

"በሚቀጥለው እሑድ ይመራናል እንግዲህ?"

ብስኩት ላምጣ ብዬ ቤት ገባሁ። 

ሜይ 10

እሑድ ከመድረሱ በፊት ዶክተሯ ያለችውን እነግረዋለሁ። ዛሬ እራት ላይ።

ሜይ 11

ዛሬ እራት ላይ።

ሜይ 12

የቆዳ ጃኬቱን ዘይት ቀባው። የእኔንም ቀባው። "አንቺስ ከኋላ ትቀመጫለሽ" አለኝ። "ጊዜ ሞልቷል" አለኝ፤ ምን ጠይቄው እንደሆነ እንጃ።

አልነገርኩትም። ፈሪ ነኝ። ነገ ሁሉም ፊት ልነግረው ነው ማለት ነው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ሜይ 13፣ እሑድ

ወደቡ ጋ ተሰበሰብን። ፀሐይ ነበር። ሁሉም ሞተሩን አስነሥቶ ኢሊያምን ይጠብቃል፤ መሪው ሳይነሣ ማንም አይንቀሳቀስም። እኔ ከኋላው ቆሜ ነበር፤ ቃሉን አፌ ውስጥ ይዤ።

ኢሊያም የራስ ቁሩን አጠለቀ። ወደ ሞተሩ ቀረበ። እጁን ወደ ቤንዚኑ መክፈቻ ዘረጋ።

እጁ አየር ላይ ቀረ።

መክፈቻውን አየ፣ ፔዳሉን አየ፣ መሪውን አየ። ከየት እንደሚጀመር ጠፋው። ባለፈው እሑድ ራሱ ያስነሣውን። ከኋላ አንድ ሰው "ኧረ ተነሥ አንተ ሽማግሌ፣ እራት ደረሰ!" ብሎ ቀለደ። ኖርማን ዞሮ አየው፤ ሰውየው መነጽሩን መጥረግ ጀመረ። ሞተሮቹ ብቻ ይንጫጫሉ።

ልጠራው አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ። ቀስ ብሎ ዞረ። ዓይኖቹን አየኋቸው፤ መታመሙን ያውቃል። ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቅ እንጃ፤ ግን ያውቃል።

"አንቺ ልጅ" አለኝ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብሎ፣ "እግሬን ዛሬ አሞኛል። አንቺ ንጂው። እኔ ከኋላ ሆኜ እቆጣጠርሻለሁ።"

"ስትቆጣጠረኝ ነው የኖርከው" አልኩት።

ሰዉ ሳቀ። ኢሊያምም ሳቀ። ቤንዚን ከፈትኩ፣ የእሳቱን ሰዓት መለስኩ፣ ረገጥኩ። ተነሣ። ከኋላዬ ወጣና ወገቤን ያዘ። ከፊት ሆነን መራን።

እንዴት ሮጠ! አቀበቱን እንደ ሜዳ ወጣው። ኢሊያም አገጩን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ ያዳምጣል። ማርሽ ሳልቀይር ስዘገይ በጉልበቱ ጎኔን ጎሸም ያደርገኛል። አንዴም አልተሳሳተም።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ ፍጥነት ቀነስኩ። ሁልጊዜ እሱ ነው የሚቀድመኝ፤ እጁን ወደ ግንባሩ አንሥቶ "ሰላም እናንተ ሰዎች" ይላቸዋል። ስለዚህ ዝም አልኩ፤ ጠበቅኩት። ድልድዩ አጭር ነው። ጠበቅኩት። እጆቹ ወገቤ ላይ እንዳሉ ናቸው። ሊያልቅ ሆነ።

"ሰላም እናንተ ሰዎች" አልኩ፣ ስለ ራሴ። ከዚያ ድምፄን ወፈር አድርጌ ደገምኩት፣ ስለ እሱ።

"ማንን ነው የምታናግሪው?" አለኝ በጆሮዬ።

"ጎረቤቶችን።"

አገጩን ትከሻዬ ላይ መለሰ። የሚያስብ መስሎኝ ነበር፤ የሚያዳምጠው ሞተሩን ነው።

"ስሚው እስቲ" አለኝ። "ይህን ሞተር የሠራው ሰው ሥራውን ያውቃል።"

"ያውቃል" አልኩትና ነዳጅ ሰጠሁት።